የዕቅድ ውይይት፦ ከምርምር እንስሳት ጋር ለሚሠሩ ሰዎች ጤናና ደህንነት የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

አስተባባሪ፦ ጤና ይስጥልኝ አባላት። ለተቋማት የምናቀርበው ረቂቅ እስካሁን ሦስት ነገር ይዟል፤ ዓመታዊ ምርመራ፣ የመከላከያ ዕቃ እና ሥልጠና። የሚጨመር ወይም የሚቀነስ ካለ ሳትቆጥቡ ጻፉ። ረጅም ሰነድ ማንም አያነብልንምና ስትጨምሩ ምን እንደሚወጣም አብራችሁ ንገሩኝ።

የእንስሳት ቤት ሠራተኛ፦ የጉዝጓዝ ነገር ረቂቁ ውስጥ ስሙም የለም። ኬጁን፣ ማለትም የአይጦቹን ማደሪያ ሳጥን፣ በርሜል ላይ ገልብጠን ግርጌውን ስንፍቅ የሚነሳው ተራ አቧራ አይደለም፤ የደረቀ የአይጥ ሽንት አለበት። ጠዋት ደህና የገባ ሰው ሥራው ሳይጋመስ ማስነጠስ ይጀምራል፣ ዓይኑ ይቀላል፣ ክንዱ ላይ ሽፍታ ይወጣል። ቅዳሜና እሁድ ይተወዋል፣ ሰኞ ይመለስበታል። ጉንፋን ነው እያልን ስንት ጊዜ እንደምናሳልፍ እኛው እናውቃለን።

የሥራ ጤና ሐኪም፦ «ሰኞ ይመለሳል» ያሉት ለእኛ ትልቅ ምልክት ነው። አለርጂውን የሚያስነሳው በእንስሳቱ ሽንት፣ ምራቅና የቆዳ ብናኝ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ወንድ አይጦች በሽንታቸው ከሴቶቹ አብልጠው ያወጡታል። አብዛኛው ሰው ላይ የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ነው፤ ከአፍንጫ ተነስቶ አስም የሚሆንበትም አለ። ስለዚህ «ዓመታዊ ምርመራ» የሚለው አይበቃም። ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ዓመት በየ6 ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ ይሁን። ምርመራ ስንል ደግሞ መጠይቅና የትንፋሽ ልኬት እንጂ ደም ግፊት ለክቶ መሸኘት እንዳይሆን በግልጽ ይጻፍ።

የእንስሳት ሐኪም፦ ዶክተር፣ እስማማለሁ። ግን ምርመራ የታመመውን ያገኛል እንጂ መታመሙን አያስቀርም። ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ። አየሩን ወደ ራሱ ስቦ በማጣሪያ የሚያስቀር የጉዝጓዝ መገልበጫ ጠረጴዛ ይቅደም፤ ማስክ መጨረሻ ይምጣ። ያ ስስ የቀዶ ሕክምና ማስክ ፊት ላይ ስለማይገጥም ብናኙ በጎን ይገባል። ብናኝ የሚያጣራው ኤን 95 ማስክ ከሆነ ደግሞ በእያንዳንዱ ሰው ፊት ላይ መግጠሙ ይሞከር። ጺም ካለ አይገጥምም፤ እኔንም ይመለከታል።

የግዥ ክፍል አባል፦ ጠረጴዛው ውድ ነው፣ ማስኩ ርካሽ ነው መባላችን አይቀርም። እስኪገዛ ድረስ የሚሠራ ነገር ካልጻፍን ነገሩ መሳቢያ ውስጥ ያድራል።

የእንስሳት ሐኪም፦ ልክ ነው። እስከዚያው ጉዝጓዝ የሚገለበጠው አየር መሳቢያ ባለው ለብቻው ክፍል ይሁን፣ በደረቁ መጥረግ ይከልከል፣ የሥራ ልብስ ወደ ቤት አይሂድ። እነዚህ ብዙ ወጪ የላቸውም።

የጦጣ ክፍል ተቆጣጣሪ፦ አለርጂው ሌላውን እንዳያስረሳን። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ አንዲት የ22 ዓመት ወጣት የማካክ ጦጣ ፈሳሽ ዓይኗ ውስጥ ፈናጥቆባት በሄርፐስ ቢ ቫይረስ ሞታለች። ንክሻም ጭረትም አልነበረም። ቫይረሱ ለጦጣዎቹ ቀላል ነው፤ ሰው ላይ ግን ካልታከመ አብዛኛውን ይገድላል። ስለዚህ መነጽር የምርጫ ጉዳይ መሆኑ ይቅር። ደግሞም ዓይን ከተነካ ወይም ቆዳ ከተጫረ ወዲያው 15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ቅጽ መሙላትና አለቃ መፈለግ ከዚያ በኋላ ነው። ሰዓቱን የሚቆጥር ሌላ ሰው አጠገቡ ይቁም፤ ብቻውን የሚታጠብ ሰው 15 ደቂቃ አይሞላም።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦ መርፌ የወጋው ሰው ለምን እንደማይናገር ልንገራችሁ። ክዳኑን በሁለት እጁ ሊመልስ ሲል ስለተወጋ፣ «ተከልክለህ አልነበር?» መባልን ይፈራል። ጥናቱ ይቆምብኛል ብሎም ይሰጋል። ሪፖርት ያደረገ አይቀጣም የሚል ዓረፍተ ነገር ካልገባ ሥልጠናው ብቻውን ፋይዳ የለውም። የመርፌ መጣያው ሳጥንም እጅ የሚደርስበት ይቀመጥ፤ በር ላይ ካለ ሰው ክዳን መመለሱን ይመርጣል።

የጽዳት ሠራተኞች ተወካይ፦ እኛ በኮንትራት የምንገባው ረቂቁ ውስጥ የለንም። ትልቁን የኬጅ ማጠቢያ ማሽን ገብተን የምናጸዳው እኛ ነን። በሩ ከውስጥ መከፈት አለበት፣ ውስጥ የማቆሚያ ቁልፍ ይኑር፣ እሱን ሳያሳዩን አያስገቡን።

የእንስሳት ቤት ሠራተኛ፦ እህቴ ልክ ነሽ። እኔ የእርጉዞችን ነገር ልጨምር። በግ ሲወልድ እንግዴ ልጁና ፈሳሹ ኪው ፊቨር የሚባለውን የባክቴሪያ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ የድመት ዓይነ ምድር ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖረው ይችላል፤ ሁለቱም ለፅንስ አደገኛ ናቸው። ነፍሰ ጡር የሆነች ሠራተኛ ደመወዟ ሳይነካ፣ ምክንያቷም በአዳራሽ ሳይወራ ሥራ መቀየር ትችል።

አስተባባሪ፦ የመጀመሪያው አንቀጽ በአዲስ መልክ ይኸው፦ «ተቋሙ በማንኛውም ቅጥር ወደ እንስሳት ቤት የሚገባን ሰው ሁሉ በዚህ ሰነድ ይሸፍናል። ብናኝን ከምንጩ የሚቀንስ መሣሪያ ከግል መከላከያ ዕቃ ይቀድማል፤ መሣሪያው እስኪሟላ ጊዜያዊ እርምጃዎቹ በሥራ ላይ ይውላሉ።» የ15 ደቂቃው መታጠብ፣ አለመቀጣት፣ የማሽኑ በርና የነፍሰ ጡሮች መብት ከሁለት እስከ አምስት ይሆናሉ። ሥልጠናን ለብቻው አንቀጽ ማድረጉን ትቼ በየአንቀጹ አስገብቼዋለሁ። የምርመራውን ዶክተር ይጻፉልን።

የሥራ ጤና ሐኪም፦ እጽፋለሁ። የምርመራ ውጤት ለአለቃ የሚደርሰው «ለሥራው ብቁ ነው» ወይም «ገደብ አለው» በሚል ብቻ እንጂ የሕመሙ ስም ተጠቅሶ እንዳይሆን አስገባለሁ። የሚቃወም ካለ ከአሁኑ ይናገር።