ተፈጥሮን የሚያሰማ ኮንሰርት በ29 ሰው፦ ምን እንምረጥ?

ቪዮላ ፒያሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነሐሴ ላይ ፒያሳ አካባቢ ባለ አዳራሽ ተፈጥሮን መነሻ ያደረጉ ክላሲካል ሥራዎች ልናቀርብ ነው። ያለን 18 ባለ አውታር (ቼሎ 3፣ ደብል ቤዝ 1)፣ ፍሉት 2፣ ኦቦ 1፣ ክላሪኔት 2፣ ባሱን 1፣ ሆርን 2፣ ትራምፔት 2 እና ቲምፓኒ (የሚቃኝ ትልቅ ከበሮ) ነው። ያሰብነው የቪቫልዲን «ጸደይ»፣ የስሜታናን «ቭልታቫ» (የወንዙን ጉዞ በድምፅ የሚስለውን)፣ ከቤትሆቨን 6ኛ ሲምፎኒ ደግሞ 4ኛውን ክፍል፣ ወጀቡን ብቻ። ያስኬዳል?

የኖታ ሰው፦
ቭልታቫን ተዉት። 4 ሆርን፣ 3 ትሮምቦን፣ ቱባና ሀርፕ ይፈልጋል። ሀርፑን በኪቦርድ ትሸፍኑት ይሆናል፤ የነሐስ መሣሪያዎቹ ሲጎድሉ ግን ወንዙ ፕራግ ሳይደርስ ይደርቃል።

ወጀቡንም ቆርጣችሁ አታውጡት። 3ኛው፣ 4ኛውና 5ኛው ክፍል ያለ ዕረፍት የተያያዙ ናቸው፤ ወጀቡ የገበሬዎቹን ጭፈራ አቋርጦ ይገባል፣ ሲያባራ ፍሉቱ ሽቅብ ወጥቶ ለክላሪኔቱ የእረኛ ዜማ ያስረክባል። ያ ከሌለ ጩኸት ብቻ ነው የሚቀረው። ሙሉውን ሲምፎኒ ተጫወቱ፣ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። 2ኛ ኦቦና 2ኛ ባሱን ፈልጉ። ሲምፎኒው የሚፈልጋቸው 2 ትሮምቦኖች የሚገቡት 4ኛውና 5ኛው ላይ ብቻ ስለሆነ ለመጨረሻዎቹ ልምምዶች ቢመጡ ይበቃል።

የ2ኛው ክፍል ማብቂያ ላይ ያሉት ወፎች ባላችሁ ሰው ይሞላሉ፦ ናይቲንጌል በፍሉት፣ ድርጭት በኦቦ፣ ኩኩ በ2ቱ ክላሪኔት። ስማቸውን ቤትሆቨን ራሱ ኖታው ላይ ጽፎታል። የኦቦው አጭርና ቁርጥ ያለ ምት ከለሰለሰ ድርጭቷ የለችም።

ወፍራም ክር፦
ወጀቡ ላይ ቼሎዎቹ በአንድ ምት 5 ኖታ ሲጫወቱ ቤዙ 4 ይጫወታል። እባካችሁ ለማግጠም አትድከሙ! ጉርምርምታው የሚወለደው ካለመግጠሙ ነው። አንድ ቤዝ ግን አይበቃም፤ ቢያንስ አንድ ጨምሩና የእንጨት መድረክ ላይ፣ ግድግዳ አጠገብ አቁሟቸው። ቲምፓኒ ከሲምፎኒው ሁሉ እዚህ ብቻ ነው የሚመታው። ከግማሽ ሰዓት ዝምታ በኋላ ቆዳው ድምፁን ይቀይራል፣ ስለዚህ የሚቃኝባቸውን ኤፍና ሲ ድምፆች 3ኛው ክፍል ሞቅ ሲል ጆሮ አስጠግቶ በቀስታ ይፈትሽ።

«ጸደይ» 2ኛ ክፍል ላይ ቪዮላዋ የእረኛው ውሻ ናት። ቫዮሊኖቹ ቅጠል ሲያንሾካሹኩ እሷ ጠንክራ ትጮኻለች፣ ቪቫልዲ ያዘዘው እንደዚያ ነው። ለጨዋነት ብላችሁ አታለዝቧት።

ሸምበቆ፦
ከሁሉ በፊት ቀኑን አስቡበት። የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሲምፎኒው 2ኛ ክፍል ጅረት ጨርሶ አይሰማም፤ ጥቅምት ይሻላል። ብርዱም አለ፦ ሙቀቱ 1 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የትንፋሽ መሣሪያዎች ወደ 3 ሴንት (የግማሽ ድምፅ 3 መቶኛ) ይወርዳሉ፣ ባለ አውታሮቹ በተቃራኒው ይወጣሉ። መሣሪያው መኪና ውስጥ አይደር፣ አዳራሹ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆይና ከዚያ ይቃኝ። የኦቦ ሸምበቆ (አፍ ውስጥ ገብቶ የሚነፋው ቁራጭ) ከውጭ ተሠርቶ ከመጣ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ እዚህ ለመንፋት ከባድ ይሆናል፤ ጫፉ ትንሽ ይፋቅ፣ መለዋወጫም ይያዝ። ለየኖታ ማስቀመጫው ባትሪ መብራት አትርሱ።

ቪዮላ ፒያሳ፦
እግዜር ይስጥልን። ቭልታቫ ወጥቷል፣ ቀኑም ወደ ጥቅምት ዞሯል። ትሮምቦን የሚጫወት የምታውቁ ጠቁሙን።