የኤልሳት ሎጂክ ጌምስ፦ 35 ደቂቃው አልበቃኝ አለ

ሰብሊ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፣ ፌብሩዋሪ 2024

ሰላም ለሁላችሁ። ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናው፣ ለኤልሳት፣ እየተዘጋጀሁ ነው። ያስቸገረኝ ሎጂክ ጌምስ የሚባለው ክፍል ነው። አራት እንቆቅልሽ፣ 23 ያህል ጥያቄ፣ 35 ደቂቃ። ሰዓት ሳልይዝ ስሠራው አብዛኛውን አገኘዋለሁ። ሰዓት ስይዝ ግን ሁለተኛው ላይ ተቸክዬ እቀራለሁ። አራተኛውን ሳላየው ያልቃል። ሥራዬ የማታ ስለሆነ የማጠናው ከእንቅልፍ በተረፈችው ጊዜ ነው። ከ2024 ኦገስት ጀምሮ ይህ ክፍል ይቀራል ተብሏል። የጁኑን ፈተና ትቼ የኦገስቱን ብጠብቅስ?

በረከት

አይዞሽ እህቴ፣ የሁሉም ሰው ችግር ነው። 35ን ለአራት ብታካፍዪው ለአንዱ 8 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይደርሳል። ግን እኩል አታካፍዪው። ቀላሉን በስድስት ደቂቃ ከጨረስሽ የተረፈው ለከባዱ ይሆናል።

ጊዜ የሚበላው ጥያቄው ሳይሆን መጀመሪያ ላይ መቸኮሉ ነው። ስድስት ሰው ተራ በተራ ይናገራል እንበል። ሳራ ከዳዊት ትቀድማለች፣ ዳዊት ከማርታ ይቀድማል። ብዙው ሰው ይቺን ጽፎ ወደ ጥያቄው ይሮጣል። ቆም በይ። ሁለቱን ሕጎች ስታጋጥሚያቸው ሳራ አምስተኛም ስድስተኛም መሆን አትችልም። ማርታ አንደኛም ሁለተኛም አትሆንም። ዳዊት ደግሞ ከሁለቱም ጫፍ ታግዷል። ይህን ከቦታዎቹ ሥር ጻፊው። በኋላ «ዳዊት ስድስተኛ ነው» የሚል ምርጫ ሲመጣ ሳታስቢ ትሰርዢዋለሽ። እዚህ ላይ ሦስት ደቂቃ ብትፈጂ አይቆጭሽ።

ሊያ

በረከት ባለው ላይ ስለ ጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ልጨምር። የመጀመሪያው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ከእነዚህ ውስጥ ሕጎቹን የሚያሟላው የትኛው ነው» የሚል ነው። ምርጫዎቹን አንድ በአንድ አትፈትሺ። አንድ ሕግ ያዢ፣ አምስቱንም ምርጫ በሱ እዪ፣ የጣሰውን አስወግጂ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ሕግ። ከደቂቃ በታች ያልቃል።

ቀጥለሽ «እንዲህ ቢሆን» ብለው የሚጀምሩትን ሥሪ። ለእያንዳንዱ ትንሽ ሥዕል ትሠሪያለሽ፤ ሥዕሎቹን አታጥፊያቸው። «የትኛው ሊሆን ይችላል» ወደሚለው ጥቅል ጥያቄ ስትመለሺ መልሱን ብዙ ጊዜ ከእነሱ በአንዱ ታገኚዋለሽ። «ይህን ሕግ በየትኛው መተካት ይቻላል» የሚለውን ግን ለመጨረሻ ተይው። ያ ጥያቄ ጊዜ አራጅ ነው።

ሚኪ ዳላስ

እኔ ደግሞ አራቱንም መጨረስ ግዴታ አይደለም ባይ ነኝ። ሦስቱን ብቻ ብትሠሪ ለአንዱ 11 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይደርስሻል። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም። ስለዚህ ለአራተኛው አንድ ፊደል ምረጪና ሙዪው፤ ከአምስት ምርጫ ስለሆነ አንድ ጥያቄ ሊገጥምልሽ ይችላል።

ሊያ

ሚኪ፣ ልክ ነህ፣ ግን የትኛውን ትተው የሚለው ወሳኝ ነው። እንቆቅልሾቹ ከአምስት እስከ ሰባት ጥያቄ ይይዛሉ። ሰባት ያለውን ትቶ አምስት ያለው ላይ መድረቅ ኪሳራ ነው። ደግሞም ይህ ለጁን እንጂ ለአሁን አይደለም። አሁን አራቱንም ትለማመድ።

ጋሽ ታዬ

ልጄ፣ ስለ ኦገስት ለጠየቅሽው። ክፍሉ የሚቀረው ዓይነ ስውር ተፈታኞች ክስ መሥርተው ስለነበረ ነው። እንቆቅልሹን ሥዕል ሳይሥሉ መሥራት ይከብዳል፤ ክሱ 2019 ላይ በስምምነት ተዘጋ። እኔ ፍትሐዊ ለውጥ ነው እላለሁ። ላንቺ ግን ቀለለልሽ ማለት አይደለም። በቦታው የሚገባው ሁለተኛ ሎጂካል ሪዝኒንግ (አጫጭር ክርክር አንብቦ መመዘን) ነው፣ ማለትም ተጨማሪ ንባብ። በአማርኛ አፉን ለፈታ ሰው ሎጂክ ጌምስ እንግሊዝኛው የሚቀልበት ክፍል ነው። ደግሞ ያለ ሰዓት ብዙውን አገኘዋለሁ ብለሻል። አእምሮሽ ገብቶታል፣ የጎደለው ፍጥነት ብቻ ነው። በጁን ተፈተኚ።

ፍጥነት ደግሞ አዲስ በማሳደድ አይመጣም። የሠራሽውን ያንኑ እንቆቅልሽ በማግስቱ ድገሚው፣ በሳምንቱም ድገሚው። መልሱ ትዝ ቢልሽም ግድ የለም። የምትለማመጂው ሕጎቹን ማጋጠሙን ነው።

ሰብሊ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በጁን እገባለሁ እንግዲህ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ እስካሁን የምሠራው መጽሐፉ ላይ ነው፣ ሥዕሉንም ከጥያቄው ጎን ነው የምሥለው። ችግር አለው?

በረከት

አለው! ፈተናው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ስክሪኑ ላይ መሣል የለም። ከዛሬ ጀምሮ በባዶ ወረቀት ሥሪ። ዓይንሽ ከስክሪን ወደ ወረቀት ሲመላለስም ጊዜ ይሄዳል፣ ስለዚህ ሕጎቹን አንዴ በምልክት ገልብጪያቸውና ደግመሽ ወደ ስክሪኑ አትመለሺ።