ጥቆማ፦ ለዘጠነኛ ክፍል ልጄ አዳሪ ይሻላል ወይስ ተመላላሽ?

የሰሚት እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ተፈትና በጥሩ ውጤት አልፋለች። የነበረችበት ትምህርት ቤት ከስምንተኛ ክፍል በላይ ስለማያስተምር ለዘጠነኛ ሌላ መፈለግ ግድ ሆኖብኛል። እኔ ነርስ ነኝ፤ በወር ውስጥ ብዙ ሌሊት የማድረው ተረኛ ሆኜ ነው፤ አባቷም በሥራው ምክንያት ክፍለ አገር ነው የሚቆየው። ስለዚህ ወንድና ሴት አንድ ላይ የሚማሩበት፣ ተመላላሽም አዳሪም የሚቀበል ትምህርት ቤት የምታውቁ ጠቁሙኝ። ከሁሉ በላይ ማወቅ የምፈልገው አዳሪዎቹ ከትምህርት ሰዓት በኋላ እንዴት እንደሚኖሩ ነው። ማታ ማን አብሯቸው ያድራል? ቅዳሜና እሑድ ምን ይሠራሉ? ልጅ ሌሊት ቢታመም ማን ይሰማል?

የደብረ ብርሃን ነዋሪ፦
እህቴ፣ እኛ ከተማ ያለውን ኃይሌ ማናስ አካዳሚን ቢያዩት መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የተከፈተ፣ ወንድና ሴት አንድ ላይ የሚማሩበት አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ብዙ ሰው በስሙ ምክንያት የሯጩ የኃይሌ ይመስለዋል፤ አይደለም። ተማሪ የሚቀበለው መዝኖ ነው፤ መክፈል ለማይችል ቤተሰብም ድጋፍ አለው። ነገር ግን በተመላላሽነት ጀምራ ከለመደች በኋላ አዳሪ ትሁን ብለው ካሰቡ፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ አይሆንልዎትም። ብርዱንም አስቀድመው ይወቁት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚያድረው፤ አንድ ብርድ ልብስ አይበቃም።

የዊንጌት ልጅ፦
አዳሪ ትምህርት ቤት ከተባለ ጄኔራል ዊንጌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ሲቋቋም ጀምሮ በየጠቅላይ ግዛቱ ያሉ ጎበዝ ልጆች ተመርጠው የገቡበት፣ ለአገር መሪ ያፈራ ቤት ነው። እኔ ከገጠር ስመጣ በሹካ መብላት አላውቅም ነበር። ደወሉ ሲደወል መነሣትን፣ አልጋ አንጥፎ መውጣትን፣ ማታ በጥናት ሰዓት ሳይነጋገሩ መቀመጥን ያስተማረኝ እርሱ ነው። ዛሬ የሚከፈቱት ሁሉ የእርሱን ሩብ አያህሉም።

ሁለት ሴት ልጆች ያሉኝ፦
ጋሼ፣ ክብሩን ማንም አይክድዎትም፤ ነገር ግን እርስዎ በተማሩበት ዘመን ዊንጌት የወንዶች ነበር፣ አሁን ደግሞ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ነው። እኅታችን የጠየቀችው ለሴት ልጇ ነው። ለሴት ልጅ ከሆነ እቴጌ መነን አለላት፤ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የልጃገረዶች አዳሪ አድርጎታል፤ ለወንዶቹ ደግሞ ገላን አለ። ሁለቱም በውጤት እየመረጡ ነው የሚቀበሉት።

የሰሚት እናት፦
አመሰግናለሁ፤ እቴጌ መነንን አስቤበት ነበር። ነገር ግን ልጄ ያደገችው ከወንዶች ጋር እየተማረች ነው፤ ነገም ዩኒቨርሲቲ የምትገባው ከእነርሱ ጋር ስለሆነ ቅይጡን ነው የመረጥኩት።

የአንድ ልጅ አባት፦
እኔ ልጄን አዳሪ አስገብቼ ያየሁትን ልንገርዎት፤ ምናልባት ከመወሰንዎ በፊት ይጠቅምዎት ይሆናል። ልጄን አሥረኛ ክፍል ቆላ ከተማ ውስጥ ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ላክሁት። በኅዳር አንድ ሌሊት ትኩሳት ያዘው። የመኝታ ቤቱ ተቆጣጣሪ የብረት በሩን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከውጭ ቆልፎ፣ ቁልፉን ይዞ ግቢው ጫፍ ወዳለው ቤቱ ሄዶ ይተኛ ነበር። ልጆቹ በሩን ቢደበድቡ የሰማቸው የለም። ከላይኛው አልጋ የሚተኛው ጓደኛው ወርዶ ፎጣ በውኃ እየነከረ ግንባሩ ላይ ሲያደርግለት አደረ። በነጋታው «እረፍት ያድርግ» ተባለ፤ በሁለተኛውም ሌሊት እንዲሁ። እኔ ዘንድ የተደወለው በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሐኪም ቤት ሲደርስ ወባ ሆኖ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ፤ ነገር ግን ያንን የብረት በር እስከ ዛሬ ከዓይኔ ማውጣት አልቻልሁም።

ወላጅ ከቦሌ፦
የትምህርት ቤቱን ስም ይንገሩን፤ ሌላው ልጅ እንዳይገባበት።

የአንድ ልጅ አባት፦
ተነጋግረን የጨረስነው ጉዳይ ስለሆነ ስም አልጠራም። የጻፍሁት በየትም ትምህርት ቤት ስለ በሩ እንድትጠይቁ ነው።

ከሐዋሳ፦
ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጅ እናቱ ቤትም ወባ ይይዘዋል። የእኔ ሁለት ልጆች አዳሪ ተምረው ወጥተዋል፤ አንድም ቀን አልተበደሉም። በአንድ ሰው ገጠመኝ አዳሪን ሁሉ መኮነን ደግ አይደለም።

ወላጅ ከቦሌ፦
አቶ ከሐዋሳ፣ የተነሣው የወባው ጉዳይ አይደለም። ስንት ልጅ ተኝቶበት በሩ ከውጭ ተቆልፎ ቁልፉ ሌላ ቤት አደረ ነው የተባለው። እሳት ቢነሣ ምን ይሉን ነበር? የእርስዎ ልጆች ደኅና ወጡ ማለት የሌላው ልጅ ስቃይ ውሸት ነው ማለት አይደለም። እባክዎ አባት ጭንቀቱን ሲናገር አያጣጥሉት።

የቁጥር ሰው፦
ሁላችሁም ውጤቱን ረሳችሁት። በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በዚያ ዓመት አንገታቸውን ቀና ያደረጉት አዳሪዎቹና ልዩ ትምህርት ቤቶቹ ናቸው። መቐለ ያለውን ቃላሚኖንም እዩ። ለእኔ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

የቀድሞ መምህርት፦
አዳሪም ተመላላሽም ባለበት ትምህርት ቤት አስተምሬ፣ ሦስት ዓመት ደግሞ የሴቶች መኝታ ቤት ኃላፊ ሆኜ አድሬአለሁ። ስለ ውጤቱ የተባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን እነዚያ ትምህርት ቤቶች የሚቀበሉት ቀድሞውኑ ከክፍላቸው አንደኛና ሁለተኛ የወጡትን ስለሆነ፣ ውጤቱ የመምህሩ ይሁን የምርጫው ለመለየት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ትምህርት ቤት አለ ብለው ያስቡ። እስከ ዐሥር ሰዓት ሁሉም አንድ ናቸው፤ ዐሥር ሰዓት ላይ ሰርቪሱና የወላጅ መኪናው በር ላይ ሲሰለፍ አዲሶቹ አዳሪዎች አጥሩ አጠገብ ቆመው ያያሉ። በመጀመሪያው ወር ልጅን የሚያሳምመው ይህች ሰዓት ናት። ጥሩ ትምህርት ቤት በዚያ ሰዓት ሜዳውን ይከፍታል፣ ኳስ ያወጣል፣ ሻይና ዳቦ ያቀርባል፤ ደካማው ደግሞ «ወደ ዶርም ግቡ» ይላል። ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ያጥባሉ፤ ቆሎና በሶ ከቤት የመጣላት ልጅ ለክፍሉ ታካፍላለች፤ እሑድ ቤተሰብ ይጠይቃል። ጠያቂ የሌላት ልጅ እሑድን እንዴት እንደምታሳልፍ ርዕሰ መምህሩን ይጠይቁ፤ መልስ ካጣ ያ ትምህርት ቤት አዳሪ ለመያዝ አልተዘጋጀም።

ለጉብኝት ጠዋት አይሂዱ፤ ጠዋት ሁሉም ግቢ ጥሩ ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ እንዲያስገቡዎት ይጠይቁ። ከሴቶቹ ጋር የምታድረው ሴት ኃላፊ መኝታዋ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው ወይ? በሩ ከውስጥ ይከፈታል ወይ? ወደ መጸዳጃ ቤቱ የሚወስደው መንገድ መብራት አለው ወይ? ነርስ ስለሆኑ ደግሞ ክሊኒኩን ለማየት ከእርስዎ የተሻለ ዓይን የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ልጆቻችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ሲወስዱ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አድረዋል። ከቤት ውጭ አድረው የማያውቁት ከጥያቄው ይልቅ ከማያውቁት አልጋ ጋር ሲታገሉ፣ አዳሪ የነበሩት ግን ዕቃቸውን አስቀምጠው ወደ ጥናታቸው ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ።

የዊንጌት ልጅ፦
እኅቴ፣ ያሉት ሁሉ እኛ ዘንድ ነበር። ተቆጣጣሪያችን ሌሊት በባትሪ እየዞረ አልጋ በአልጋ ያየን ነበር። አሁንም አቋሜ ያው ነው።

እናት ከሪያድ፦
የቀድሞ መምህርት፣ እባክሽ እኔንም ምከሪኝ። ወንድ ልጄን አገር ቤት አዳሪ ላስገባው እያሰብሁ ነው። ለዕረፍት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ማን ይረከበዋል? እኅቴ አዳማ አለች፤ ነገር ግን እርሷም የራሷ ጣጣ አለባት።

የሰሚት እናት፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ቦታ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ በሁለቱም ማታ እንዲያስገቡኝ ነው የጠየቅሁት። ከልጄ ጋር ነው የምሄደው።

ወላጅ ከቦሌ፦
ሄደው ሲያዩ የወሰኑትን ጻፉልን፤ እኔም በሚቀጥለው ዓመት ይህንኑ ነው የምፈልገው።

የቀድሞ መምህርት፦
የሪያዷ እኅቴ፣ ሲመዘገብ በወላጅ ምትክ የሚጠራ ሰው በጽሑፍ ያስሞሉሻል። አንድ ሰው ብቻ አታስመዝግቢ። እኅትሽን አንደኛ ካደረግሽ፣ ሁለተኛ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ባለበት ከተማ የሚኖርና ሌሊት ስልክ የሚያነሣ ሰው ጨምሪ። ትምህርት ቤቱ የሚዘጋባቸውን ቀኖች ገና ስትመዘግቢው ጠይቂና ለሁለቱም ላኪላቸው፤ በእኔ ጊዜ በገና ዋዜማ ማንም ሳይመጣላት ሻንጣዋን ይዛ በረንዳ ላይ እስከ ማታ የተቀመጠች ልጅ ነበረች፤ አክስትየዋ ቀኑን የሰማችው በነጋታው ነው።