ራግታይም የማን ነው? ግራ እጄስ ለምን አልታዘዝ አለኝ?

የኮዬ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ያገለገለ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ገዝቼ፣ መብራት ካለ ማታ ማታ ጎረቤት እንዳይረበሽ በጆሮ ማዳመጫ እለማመዳለሁ። ሰሞኑን ልቤን የወሰደው ራግታይም ነው፣ ያ በድሮ ድምፅ አልባ ፊልሞች ላይ የሚሰማው ዘለል ዘለል የሚል ፒያኖ። ጓደኛዬ ግን "የነጮች የመጠጥ ቤት ሙዚቃ ነው፣ ጃዝ ሲመጣ አበቃለት" ይለኛል። እውነት ነው? ሌላው ደግሞ፣ ሁለቱም እጆቼ ለየብቻ ይጫወታሉ፣ አንድ ላይ ሳደርጋቸው ግን ግራው ቀኙን ተከትሎ ይሄዳል። ምን ይሻለኛል?

ሚጣ ፒያኖ፦
የነጮች አይደለም። ራግታይምን የፈጠሩት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፣ ይሄ ላይ መከራከር አያስፈልግም። ባንጆ ሲመቱ፣ ኬክዎክ የሚባለውን ጭፈራ ሲያጅቡ የኖሩበትን ምት ነው ወደ ፒያኖ ያመጡት። ጓደኛህ መጠጥ ቤት ያለው ግን ከመሬት ተነስቶ አይደለም። የኮንሰርት አዳራሽ በር ለጥቁር ፒያኒስት ዝግ ነበር፣ እንጀራው ያለው መጠጥ ቤትና ሴተኛ አዳሪ ቤት ነው። እዚያ ስለተሰማ ብቻ ሙዚቃውን ማቃለል ግን ያናድደኛል።

የራግታይም ደራሲውን ስኮት ጆፕሊንን ተመልከት። አባቱ ባሪያ የነበረ ሰው ነው። አሜሪካ፣ ቴክሳርካና በምትባል ከተማ አንድ ጀርመናዊ መምህር ክላሲካል ሙዚቃ አስተማረው። በኋላ ሚዙሪ፣ ሴዳሊያ ከተማ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1899 ሜፕል ሊፍ ራግ የሚባለውን የፒያኖ ሥራውን አሳተመ። አሳታሚው ጆን ስታርክ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ቅጂ 1 ሳንቲም ሊከፍለው ተዋዋለ። ትንሽ ይመስላል፣ ግን በዚያን ጊዜ ብዙ ጥቁር ደራሲ ሥራውን አንዴ ሸጦ ባዶ እጁን ነበር የሚቀረው። ደግሞ ይሄ ሙዚቃ ኖታው ተጽፎ፣ ታትሞ፣ በየቤቱ የገባ ነው፣ በዘፈቀደ የሚመታ ነገር አይደለም። ነጮችም ጽፈውታል፣ ጆሴፍ ላምብ ለምሳሌ ነጭ ነው፣ ግሩም ደራሲም ነው። ምንጩ ግን ያው ነው።

ጡረተኛው ትራምፔት፦
ልጄ፣ እኔ በወታደር ባንድ ትራምፔት ስነፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አሁን ለገጣፎ ነው ያለሁት። ሚጣ ያለችው ሁሉ ልክ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምርበት። ራግታይም ውስጥ ማርሽ፣ ማለትም የሰልፍ ሙዚቃ አለ። ግራ እጅህ የሚሠራውን አስተውል፦ ባስ (አንድ ወፍራም ድምፅ)፣ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች)፣ ባስ፣ ኮርድ። ይህ በባንድ ውስጥ የቱባና የከበሮ ሥራ ነው። አወቃቀሩም የማርሽ ነው። ባለ 16 ባር (የምት ክፍልፋይ) ክፍሎች ይደጋገማሉ፣ ትሪዮ የሚባለው ኋላ የሚመጣ ክፍል ላይ ሲደርስ ደግሞ ሙዚቃው የሚመሠረትበት ድምፅ ይቀየራል። ሜፕል ሊፍ በኤ ፍላት ይጀምርና ትሪዮው ላይ ወደ ዲ ፍላት ይሻገራል። እዚያ ስትደርስ ቤቱ ሰፋ ያለ ይመስልሃል።

አንተን የሚያስቸግርህ ምን እንደሆነ ልንገርህ። ጆሮአችን ያደገው በቺክቺካ ነው፣ ሦስት ሦስት እየተባለ በሚቆጠረው በ6/8። ራግታይም ግን ሁለት ሁለት የሚቆጠር 2/4 ነው። ሳታስበው እጅህ ወደለመደው ወደ ሦስቱ ይንሸራተትብሃል፣ በተለይ ስትቸኩል። ጆፕሊን ራሱ ኖታዎቹ ላይ ራግታይም በፍጥነት መመታት የለበትም የሚል ማስጠንቀቂያ ያሳትም ነበር። አትሩጥ።

ግራ እጅ፦
ጋሼ ልክ ብለዋል። እኔ ደግሞ በተግባር ላሳይህ። ኪቦርዱን ዝጋውና ጠረጴዛ ላይ ተለማመድ። ከ1 እስከ 8 እኩል እኩል እየቆጠርክ፣ በግራ እጅህ 1፣ 3፣ 5፣ 7 ላይ ምታ። በቀኝህ 1፣ 2፣ 4፣ 5፣ 7 ላይ ምታ። አሁን 3ን ተመልከት። ግራው እዚያ ላይ ብቻውን ነው የሚያርፈው፣ ቀኙ 2 ላይ ቀድሞት 4 ላይ ዘግይቶ ይመጣል። ሲንኮፔሽን የሚባለው ይሄ ነው፣ ያ ዘለል ዘለል ያልከው ስሜት የሚመጣው ከዚህ ነው። ግራው 3ን ጥሎ ቀኙን ከተከተለ ግን ሁሉም ነገር ጠፋ። ስለዚህ ግራውን ብቻውን፣ ከሰው ጋር እያወራህ መምታት እስክትችል ድረስ አሠራው። እና በሜፕል ሊፍ አትጀምር፣ ከባድ ነው፣ ባለ 61 ቁልፉም ታች ያሉት ባሶች ላይ ያጥርሃል። የጆፕሊን የ1902ቱ ዘ ኢንተርቴይነር ነጮቹ ቁልፎች በሚበዙበት በሲ ሜጀር ነው የሚነሳው፣ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ያዝ።

የኮዬ ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም ተባረኩ። ጠረጴዛው ላይ ሞከርኩት፣ 3 ላይ ያላችሁት ነገር አሁን ተሰማኝ! ግን ጃዝ ሲመጣ አበቃለት የሚለውስ?

ሚጣ ፒያኖ፦
ፋሽኑ አለፈ፣ ሙዚቃው ግን አላበቃለትም። ጆፕሊን በ1917 ሞተ፣ ጃዝ በሸክላ መቅረጽ የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። የጃዝ ፒያኒስቱን የጄምስ ፒ. ጆንሰንን ስትራይድ የሚባለውን ከራግታይም የወጣ የፒያኖ አመታት ስማ፣ ግራ እጁ ያው ባስ፣ ኮርድ፣ ባስ፣ ኮርድ ነው፣ የሰፋና የረቀቀ ብቻ። እኔን የሚቆጨኝ ግን ትሪሞኒሻ ነው። ጆፕሊን ኦፔራ ጽፎ በ1911 ኖታውን በገዛ ገንዘቡ አሳተመ፣ በሚገባው መልክ መድረክ ላይ ሳያየው ሞተ። ሙሉ ሆኖ የቀረበው በ1972 ነው፣ በ1976 ደግሞ ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት ተሰጠው፣ ከሞተ ስንት ዘመን በኋላ። ለጓደኛህ የመጨረሻውን ትዕይንት ክፈትለት፣ የመጠጥ ቤት ሙዚቃ ነው ካለ እንነጋገራለን።