የኦስካር እጩዎች ወጡ፣ ማሪያን ዣን-ባፕቲስት የለችበትም። እንዴት ነው የሚመርጡት?

ሳምሪ_ሲኒማ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ በዓል እንዴት አለፈ? እኔ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ ሐሙስ ጠዋት ስራ ከመጀመሬ በፊት የኦስካር እጩዎች ሲገለጹ ላይቭ እየተከታተልኩ ነበር፣ ያው በሎስ አንጀለሱ እሳት ምክንያት ሁለቴ ተራዝሞ ጥር 15 ቀን 2017 ነው የወጣው፣ እና እስካሁን ንዴቴ አልበረደም። ስም የሚጠሩት በፊደል ተራ ነው፣ በምርጥ ሴት ተዋናይ መጀመሪያ ሲንቲያ ኤሪቮ አሉ፣ ቀጥሎ ካርላ ሶፊያ ጋስኮን፣ ከዛ ቀጥታ ማይኪ ማዲሰን። የማሪያን ዣን-ባፕቲስት ስም መምጣት የነበረበት እዛ መሀል ነበር። ዴሚ ሙርን እና ፈርናንዳ ቶሬስን ሲጠሩ እኔ መስማት አቁሜያለሁ።

ላላያችሁት፣ ፊልሙ የዳይሬክተሩ የማይክ ሊ ሃርድ ትሩዝስ ነው፣ ለንደን ውስጥ ስለምትኖር ፓንሲ ስለምትባል ሴት፣ የምትጫወታት ማሪያን ናት። ከእንቅልፏ እየጮኸች ነው የምትነቃው። ከባሏ ጋር ጠብ፣ ከልጇ ጋር ጠብ፣ ሶፋ ሱቅ ሄዳ ጠብ፣ ጥርስ ሐኪም ጋ ጠብ፣ የህጻን ልብስ ላይ ኪስ ምን ይሰራል ብላ ሁሉ ትንጨረጨራለች። እኔ ያየሁበት ሲኒማ መጀመሪያ ላይ ሰዉ እንዴት እንደሳቀ! ከዛ ግን ቀስ እያለ ሳቁ ጠፋ፣ ምክንያቱም ሴትየዋ ክፉ ሆና ሳይሆን ፈርታ ነው የምትኖረው፣ ያ እየገባህ ይሄዳል። በእናቶች ቀን እህቷ ቤት ተሰብስበው ልጇ አበባ እንደገዛላት ትሰማለች፣ መሳቅ ትጀምራለች፣ ሳቁ አልቆም ይላታል፣ እዛው እየሳቀች ለቅሶ ይሆናል፣ የቱ ጋ እንደተቀየረ መለየት አይቻልም። እንደዚህ አይነት ሰው በየቤታችን አለ እኮ፣ ነገረኛ ናት ተብላ ሰው የሚሸሻት አክስት፣ ምን ሆነሽ ነው ብሎ የጠየቃት የሌለ።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። የኒውዮርክ ሃያሲያን ምርጥ ብለው ሸለሟት፣ የሎስ አንጀለሶቹም ሸለሟት (ከማይኪ ማዲሰን ጋር እኩል)፣ ብሔራዊው የፊልም ሃያሲያን ማህበርም እንደዛው። ሶስቱን ወስዳ እንዴት ነው ከአምስት ሰው አንዷ የማትሆነው? ማነው የሚመርጠው? ፊልሙን የማየት ግዴታ አለባቸው ወይስ ዝም ብለው የሚያውቁትን ስም ነው የሚጽፉት? የሚያውቅ ሰው ያስረዳኝ በእናታችሁ።

ጎልያድ_27፦

ሳምሪ ንዴትሽ ይገባኛል፣ እኔም ተናድጃለሁ። አሰራሩን ልንገርሽ።

ሃያሲያን ሌላ፣ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ሌላ ነው። ሃያሲ በሃያሲነቱ ኦስካር ላይ ድምጽ የለውም። በትወና እጩዎችን የሚመርጡት ተዋናዮች ብቻ ናቸው፣ በዳይሬክቲንግ ዳይሬክተሮች፣ በሲኒማቶግራፊ የካሜራ ሰዎች፣ ለምርጥ ፊልም ግን ሁሉም አባል ይመርጣል። አካዳሚው በጠቅላላ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ድምጽ ሰጪ አለው፣ በየሙያው ከተከፈሉት ክፍሎቹ (ብራንቾቹ) ትልቁ የተዋናዮቹ ነው፣ ከሺህ በላይ ናቸው።

ዋናው ነገር አቆጣጠሩ ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። እያንዳንዱ ተዋናይ አምስት ስም በደረጃ ይጽፋል፣ ከ1ኛ እስከ 5ኛ። መጀመሪያ የሚቆጠረው 1ኛ ላይ የተጻፈው ስም ብቻ ነው። ለመግባት ከጠቅላላው ድምጽ አንድ ስድስተኛውን አልፈሽ አንድ ድምጽ መጨመር አለብሽ፣ ለምሳሌ 1,200 ሰው ቢመርጥ 201 ያገኘች ገባች ማለት ነው። ካልሞላ ከሁሉም ያነሰ ድምጽ ያገኘው ይወጣና የሱ መራጮች ቀጥለው ለጻፉት ሰው ድምጹ ይተላለፋል፣ እንዲህ እያለ አምስቱ እስኪሞላ ይቀጥላል። ስለዚህ መራጩ ሁሉ ጎበዝ ናት ብሎ 4ኛ ላይ ቢጽፋት ዋጋ የለውም፣ ቆጠራው እዛ ሳይደርስ ያልቃል። አንቺ እንደወደድሻት የሚወዷት፣ 1ኛ ብለው የሚጽፏት ሰዎች ነበር የሚያስፈልጓት፣ እንደዛ ለመውደድ ደግሞ ፊልሙን ማየት ያስፈልጋል።

የማየት ግዴታ አለባቸው ወይ ላልሽው፣ እጩ ለመምረጥ ግዴታ የለም። ፊልሞቹ የሚጫኑበት ለአባላት ብቻ የሆነ ስትሪሚንግ አላቸው፣ ግን በዓመት የሚወጣውን በመቶ የሚቆጠር ፊልም ማን ጨርሶ ያያል፣ ሰው የሚከፍተው ወሬ የበዛበትን ነው፣ ወሬ ደግሞ በገንዘብ ነው የሚመጣው፣ ቢልቦርዱ፣ ግብዣው፣ ከፊልሙ በኋላ የሚደረገው ጥያቄና መልስ ሁሉ ወጪ ነው። ጊዜውን ደግሞ ተመልከቺ፣ ድምጽ መስጠት የተጀመረው በገና ማግስት ታህሳስ 30 ነው፣ ሃርድ ትሩዝስ በህዳር መጨረሻ ኒውዮርክ ለአጭር ጊዜ ከታየ በኋላ ወደ ሌላው የአሜሪካ ሲኒማ የገባው ጥር 2። ሌሎቹ ለወራት ሲወራላቸው ከርመው እሷ ገና ሰላም ለኪ እያለች ነበር።

ደብሊን_ነዋሪ፦

እኔ ትንሽ ልለይ። ማሪያን ይገባታል፣ አከተመ፣ ግን ማን ይውጣላት? ፈርናንዳ ቶሬስን አይታችኋል? አይም ስቲል ሂር ውስጥ ባሏን ወታደራዊው መንግስት ወስዶ የሰወረባት የብራዚል ሴት ናት፣ አምስት ልጅ ይዛ፣ አንድም ቦታ ላይ አትጮህም። ፎቶግራፈሩ ለመጽሔት ፊታችሁን አጥቁሩ ሲላቸው ልጆቿን ፈገግ በሉ የምትልበት ቦታ አለ፣ እዛ ጋ ሰውነቴ ነው የወረረኝ። እኛ አገር በደርግ ጊዜ የቤተሰብ ሰው ወጥቶ የቀረበት ሰው ይሄን ፊልም ሲያይ ማንም እንዲተረጉምለት አይፈልግም። ሌላ የሚገርመው እናቷ ፈርናንዳ ሞንቴኔግሮ በፈረንጆቹ 1999 በዚሁ ዘርፍ እጩ ነበረች፣ በዛው ዳይሬክተር በዋልተር ሳሌስ ፊልም። ልጅ እና እናት፣ አንድ ዳይሬክተር፣ ከ26 ዓመት በኋላ!

ዴሚ ሙርንም አትንኩብኝ። ዘ ሰብስታንስ ላይ ለቀጠሮ ልትወጣ ስትል መስታወት ፊት ቆማ ሜካፗን ትቀባለች፣ ታጠፋለች፣ መልሳ ትቀባለች፣ መጨረሻ ፊቷን እስኪቀላ ድረስ ትፈትገዋለች። ያን ትዕይንት ያየ ሰው ይገባታል አይገባትም ብሎ አይከራከርም።

የኛው የሩት ኔጋ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? አዲስ አበባ ተወልዳ አየርላንድ ያደገች፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እዚህ እንደ ራሳቸው ልጅ ነው የሚያዩዋት፣ እኛም እንደ ራሳችን። በፈረንጆቹ 2017 ለላቪንግ እጩ ስትሆን እኔ ሰፈሩን በሙሉ በስልክ አስጨንቄያለሁ። በዛው ዓመት ኤሚ አዳምስ ለአራይቫል ቀረች፣ የሷ ወዳጆችም ልክ እንደ ሳምሪ ሲቃጠሉ ነበር። ቦታው አምስት ነው፣ ጥሩ ዓመት ላይ ሁሌ አንድ የሚያንገበግብ ሰው ይቀራል።

ካሜራ_ወዳድ፦

ስለ ትወና ብቻ አታውሩ፣ የኔ ቁጭት ኒክል ቦይስ ነው። ምርጥ ፊልም ውስጥ ገባ፣ በስክሪፕትም ገባ፣ ካሜራው ግን የለም፣ ዳይሬክተሩ ራሜል ሮስም የለም። ይሄ እንዴት ይሆናል ወገን፣ ፊልሙ እኮ ራሱ ካሜራው ነው! ሙሉው ማለት ይቻላል በሁለቱ ልጆች አይን ነው የሚታየው፣ ኤልዉድ ሲያይ የምታየው አንተ ነህ፣ ፊቱን እንኳን በደንብ የምታየው ተርነርን ካገኘው በኋላ በተርነር አይን ነው። አያቱ ልትጠይቀው ልጆቹ የተዘጋባቸው የማረሚያ ትምህርት ቤት ድረስ ትመጣና ማየት አትችልም ይሏታል፣ ከዛ ተርነርን ታገኘዋለች፣ የልጅ ልጇን ልታቅፍ መጥታ የሰው ልጅ ታቅፋለች፣ እና የምታቅፈው ካሜራውን ነው፣ ማለት አንተን። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ትከሻዬ ላይ እጇ የተሰማኝ ነው የመሰለኝ። የአውንጃኑ ኤሊስ-ቴይለር ትወና ደግሞ ሌላ ነው፣ ተዋናይ ከሰው ጋር እንደሚጫወት ከሌንስ ጋር ስትጫወት አስቡት።

ጆሞ ፍሬይ ነው ያነሳው፣ ጎልያድ እንዳለው እጩ የሚመርጡት የራሱ ሙያ ሰዎች ናቸው፣ ለዛ ነው የበለጠ የሚያመኝ። ኤሚሊያ ፔሬዝ የሚባለው ፊልም በ13 ዘርፍ ታጭቶ፣ በሲኒማቶግራፊ ሳይቀር ገብቶ፣ ይሄ ቀረ።

ሳምሪ_ሲኒማ፦

ጎልያድ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንደዚህ አፍታቶ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። የ1ኛው ድምጽ ነገር ብዙ ነገር መለሰልኝ፣ ስለዚህ ሁሉም የሚያከብራት ግን ማንም አንደኛዬ ናት ያላላት ሰው ትቀራለች ማለት ነው። ያማል።

ደብሊን፣ ማንም ይውጣ አላልኩም። ቶሬስን ከወር በፊት አይቻታለሁ፣ አንድ ቃል አልቃወምህም። ግን ማሪያን እኮ ሲክሬትስ ኤንድ ላይስ ላይ ከዚሁ ከማይክ ሊ ጋር ሰርታ በፈረንጆቹ 1997 በረዳት ተዋናይነት ታጭታ ነበር፣ ከዛ በኋላ ስንት ዓመት ነው እንደዚህ አይነት ሚና የጠበቀችው። ለጥቁር ሴት፣ ለዛውም በዚህ ዕድሜ፣ ሙሉ ፊልም ተሸክማ የምትሄድበት ሚና በየዓመቱ አይመጣም፣ ዘንድሮ መጣ፣ ዘንድሮ ነበር መቁጠር የነበረባቸው።

ሲንግ ሲንግ የሚለው ፊልምስ? ክላረንስ ማክሊን በረዳት ተዋናይ አለመግባቱን ማንም አላነሳም እኮ። ራሱ የታሰረበትን እስር ቤት ታሪክ ራሱን ሆኖ ተጫውቶ!

ጎልያድ_27፦

ማክሊን በስክሪፕት ገብቷል ሳምሪ። ታሪኩን ካወጡት ውስጥ ስለሆነ ከጆን ዊትፊልድ ጋር አብረው በአዳፕትድ ስክሪንፕሌይ (ካለ ታሪክ ተወስዶ በተጻፈ ስክሪፕት) እጩ ናቸው፣ ሁለቱም እዛ እስር ቤት የነበሩ ሰዎች። ኮልማን ዶሚንጎም በመሪ ተዋናይ ገብቷል። ግን በትወናው ማክሊን መቅረቱ ልክ አይደለም፣ ምክንያቱ ደግሞ ግልጽ ነው፣ ኪራን ካልከን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባለበት ፊልም ረዳት ተብሎ ሲቀርብ እውነተኛው ረዳት ቦታ ያጣል። ይሄን ነገር አካዳሚው አንድ ቀን መልክ ሊያሲዘው ይገባል።

አኒሜተር_ከአራት_ኪሎ፦

እናንተ ስትቃጠሉ እኔ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በደስታ መቀመጥ አልቻልኩም። ፍሎው! የላትቪያዋ ድመት! በአኒሜሽንም በኢንተርናሽናልም (በውጭ አገር ፊልም) ገባ፣ ላትቪያ ደግሞ በታሪኳ የመጀመሪያዋ ነው። የተሰራው በብሌንደር ነው እኮ፣ እኔ አሁን እዚህ ከፍቼ የምሰራበት፣ ማንም በነጻ የሚያወርደው ሶፍትዌር። ወጪው 3.5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነው፣ ከሆሊውዶቹ አጠገብ ምንም ማለት ነው። አንድም ንግግር የለውም፣ ድመቷ ድመት ሆና ነው የምትንቀሳቀሰው፣ ውሃ ስትፈራ ጆሮዋ ወደ ኋላ ሲተኛ፣ ጀልባው ጫፍ ላይ ስትዘል መጀመሪያ ቂጧን ስትወዘውዝ፣ እሱን ለማምጣት ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሰራ ሰው ያውቀዋል። የስምንት ዓመቷ እህቴ ልጅ ምንም ሳይተረጎምላት አብራኝ አይታ ወፉ ክንፉን ሲሰበር አለቀሰች።

ኢትዮጵያ አትሌቱ ከሚለው ፊልም ጀምሮ ለውጭ አገር ፊልም ዘርፍ ልካለች፣ ላምብም ካን ፌስቲቫል ላይ ታይቶ መጥቶ ተልኮ ነበር፣ አንዱም አምስት ውስጥ አልገባም። ገንዘብ የለም የሚለውን ሁሌ እንላለን፣ እውነትም የለም። ግን ከሐሙስ ጀምሮ ያቆምኩትን የራሴን አጭር ፊልም መልሼ ከፍቻለሁ።

ፔክሃም_ልጅ፦

ለንደን ላላችሁ፣ ሃርድ ትሩዝስ እዚህ ሲኒማ የሚገባው አርብ ጥር 23 ነው። እኔ እናቴን ይዣት ልሄድ ትኬት ፈልጌያለሁ፣ ሳምሪ የጻፍሽውን አነበብኩላት፣ "ይቺማ የእትዬ እንትና ነገር ናት" አለችኝ ወዲያው። አብሮ መሄድ የሚፈልግ ካለ የቅዳሜ ማታውን ነው የያዝነው፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።