የእናቴን ሥዕሎችና ጽሑፎች በአንድ መጽሐፍ እንዴት ላሰባስብ?

እንደምን ሰነበታችሁ። እናቴ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረች ሠዓሊ ነበረች፤ ግጥምና ልብ ወለድም ትጽፍ ነበር። ለሙት ዓመቷ የሕይወት ታሪኳን ከሥራዎቿ ጋር ላሳትምላት ጀምሬ መሐል ላይ ቆሜያለሁ።

ሥዕሎቿ ላይ ፊርማ እንጂ ዓመተ ምሕረት የለም። አንዱን ስገለብጠው ግን ከሸራው ጀርባ፣ በእርሳስ፣ ሁለት ስንኝ ተጽፎ አገኘሁ፤ ግጥሙ ሙሉውን ደብተሯ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ሥዕሉን ለብቻ፣ ጽሑፉን ለብቻ ማድረግ እሷን ለሁለት መክፈል ሆኖ ይሰማኛል። እናንተ ብትሆኑ እንዴት ትደረድሩት ነበር?

እህቴ ያላለቁት ታሪኮች ይቅሩ ትላለች። እኔ ግን የሰረዘቻቸው መስመሮች ጭምር ቢታተሙ እወዳለሁ፤ እንዴት ታስብ እንደነበር የሚታየው እዚያ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብቱ ከሞተች በኋላም ለ50 ዓመት እንደሚጠበቅ አውቃለሁ። በሰው እጅ ያሉትን ሥዕሎች ፎቶ ለማንሣት ግን ባለቤቶቹን በምን መልክ ልጠይቅ? ቤት ያሉትንም ሳነሣ የዘይት ቀለሙ ያብረቀርቅብኛል። በምን ዓይነት ብርሃን ላንሣቸው?