የመጨረሻዋ ቅርጫት ተሰረዘች፤ ለማን አቤት ይባላል?

የተጫዋች አባት (ሜሪላንድ)፦
የተከበራችሁ ወገኖች፣ ልጄ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ይጫወታል። ባለፈው ሳምንት ቡድኑ በአንድ ነጥብ እየተመራ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ልጄ የወረወራት ኳስ ገባች። አንደኛው ዳኛ ቆጥሯት ነበር፤ ሦስቱ ከተመካከሩ በኋላ ግን ከእጁ የወጣችው ደወሉ ከተሰማ በኋላ ነው ብለው ሰረዟት። በስልኬ የቀረጽኩት ምስል ኳሷ ቀድማ ከእጁ እንደተለየች በግልጽ ያሳያል። ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ በወጉ አይበላም። ይህን ምስል ለማን ላቅርብ? ውጤቱስ ሊለወጥ ይችላል?

ዳኛ ነኝ (ቨርጂኒያ)፦
ወንድሜ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን ውጤቱ አይለወጥም። አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የሚከተሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብሔራዊ ፌዴሬሽን ደንብ በጨዋታ ውጤት ላይ የሚቀርብ ክስን አይቀበልም፤ የዳኞቹም ሥልጣን ሁሉም ከሜዳው እይታ ሲወጡ ያበቃል። የቪዲዮ ምርመራም ቢሆን ደንቡ የሚፈቅደው፣ ክፍለ ግዛቱ ከተስማማ፣ በሻምፒዮና ውድድር ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ሰዓቱ ዜሮ ሲሆን የተወረወረች ኳስ ትቆጠር አትቆጠር የሚለውን ለመሳሰለው ጉዳይ።

በኒው ጀርሲ የሆነው ከእርስዎ ጉዳይ ጋር በጣም ይመሳሰላል። በመጋቢት 5 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) በግማሽ ፍጻሜ የማናስኳን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከካምደን ትምህርት ቤት ጋር ሲጫወት፣ በመጨረሻው ቅጽበት የገባችው የማናስኳን ኳስ ከተቆጠረች በኋላ ተሰርዛ ካምደን 46 ለ 45 አሸነፈ። የክፍለ ግዛቱ የስፖርት ማኅበር ስህተቱን አምኗል። ማናስኳን ፍርድ ቤትም የትምህርት ኮሚሽነሩም ዘንድ ቢሄድ ውጤቱን የሚያስለውጥለት አላገኘም።

የሁለት ተጫዋቾች እናት፦
ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔን የሚያሳዝነኝ ይኸው ነው። ተሳስተናል ብሎ በይፋ አምኖ ስህተቱን ሳያርሙ ማለፍ ለልጆቻችን ምን ያስተምራል? ስልክ የያዘ ወላጅ ሁሉ የሚያየውን ዳኛው ብቻ እንዳያይ መከልከሉ ለዳኛውም ክብር አይሰጠውም። በተጨማሪም ያው ደንብ ነጥብን በስህተት መቁጠር ወይም መሰረዝ ከሚታረሙት ስህተቶች መካከል ይዘረዝራል። ይህስ እንዴት ነው?

ዳኛ ነኝ (ቨርጂኒያ)፦
እህቴ፣ ጥሩ ነጥብ አነሱ። ያ አንቀጽ የሚሠራው ዳኛው ደንቡን ሲሳሳት እንጂ ዓይኑ ያየውን ሲመዝን አይደለም። ለምሳሌ ኳሷ በጥፋት ጊዜ በአየር ላይ እያለች በደንቡ መሠረት መቆጠር የሚገባት ብትሆንና ዳኛው ቢሰርዛት፣ በጊዜው ከተደረሰበት ይታረማል፤ ኳሷ ከእጁ መቼ ወጣች የሚለው ግን የእይታ ፍርድ ስለሆነ አንቀጹ አይሸፍነውም። ቪዲዮው በሻምፒዮና ብቻ ሳይሆን በሁሉም የማጣሪያ ጨዋታዎች ይፈቀድ በሚለው እኔም እስማማለሁ፤ ብዙ ባልደረቦቼም የሚፈልጉት ነው፤ ደወሉን እየሰማን ጣቶቹን ማየት እጅግ ከባድ ነውና።

ለአባትየው የምመክረው ይህ ነው፦ ምስሉን በትምህርት ቤቱ የስፖርት ኃላፊ በኩል ለዳኞች መዳቢ ይላኩት። ውጤቱን ባይለውጥም በዳኞቹ ምዘና ውስጥ ይገባል፤ እኔ ራሴ በእንዲህ ያለ ምስል የቆምኩበት ቦታ ስህተት እንደነበር አውቄ አቋቋሜን ለውጫለሁ። ዳኛውን ግን በመኪና ማቆሚያው ላይ እንዳይከተሉት፣ ልጁም ስሙን እየጠራ በማኅበራዊ ሚዲያ እንዳይጽፍ አደራ እላለሁ።

የተጫዋች አባት (ሜሪላንድ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለስፖርት ኃላፊው ነገ ጠዋት እልካለሁ። ልጄ ከእኔ ጋር ምስሉን ደግሞ አይቶ፣ «አባዬ፣ ኳሷ በጊዜዋ ወጥታለች፤ እሱን ማወቄ ይበቃኛል» አለኝ፤ ዛሬ ማታም ወደ ልምምድ ሄዷል።